ካርታው ላይ ያልነበረው ደብዳቤ

የጋበዙኝ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ከበው ያለፉ ጦርነቶችን በካርታና በትናንሽ የወታደር ምስሎች ዳግም የሚዋጉ የጦር ጨዋታ ወዳጆች ናቸው። ከኋላ ረድፍ ደግሞ ልጆቻቸው ምን እንደሚያመሻቸው ለማወቅ የመጡ አባቶችና እናቶች ተቀምጠው አያለሁ። ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ለመናገር እሞክራለሁ። ጨዋታውን የምታውቁ ደንቡን ሳብራራ ታገሡኝ፤ የማታውቁት ደግሞ የሰሜን አውሮፓ የቦታ ስም ሲበዛባችሁ ይቅር በሉኝ። እኔም ስሞቹን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የማወራው ዴንማርክና ጀርመኖች በ19ኛው መቶ ዘመን በድንበራቸው ላይ ስላደረጓቸው ሁለት ጦርነቶች፣ ይበልጡንም ስለ 1864ቱ ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዓላማዬ ጦርነቱን ከዳር እስከ ዳር መተረክ አይደለም። አንድ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል፦ ካርታ ፊት የተቀመጠ አስተዋይ ተጫዋች ሁሉ የሚወስነውን ውሳኔ የወሰነ ጄኔራል ለምን ተሻረ? ይህን ለማየት ሦስት ቦታ እወስዳችኋለሁ፤ ወደ አንድ ጥንታዊ ግንብ፣ ወደ አንድ ኮረብታ፣ ወደ አንዲት የገጠር መንደር። በመጀመሪያ ግን ጠቡ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልናገር።

የዴንማርክ ምድር ወደ ደቡብ ወርዶ ከጀርመን ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ሽሌስቪግና ሆልሽታይን የሚባሉ ሁለት የመስፍን ግዛቶች ነበሩ። የሁለቱም መስፍን የዴንማርክ ንጉሥ ነው። ይሁን እንጂ ሆልሽታይን ሕዝቧ ጀርመን፣ እሷም የጀርመን ኮንፌዴሬሽን አባል ናት። ሽሌስቪግ አባል አይደለችም፤ በሰሜኗ ዴንማርክኛ፣ በደቡቧ ጀርመንኛ፣ በምዕራብ ዳርቻዋ ፍሪዝኛ ይነገርባታል። በዚህ ላይ በ1460 በሪቤ ከተማ የተገባ የቆየ ቃል ኪዳን አለ፤ ሁለቱ ግዛቶች እንዳይነጣጠሉ ያዝዛል። የዴንማርክ ብሔርተኞች ሽሌስቪግን እስከ አይደር ወንዝ ድረስ ከመንግሥታቸው ጋር ማዋሐድ ፈለጉ። ጀርመኖቹ ቃል ኪዳኑን አንሥተው ሁለቱንም ወደ ጀርመን መጠቅለል ፈለጉ። የእርሻ ወሰን ክርክር ያየ የገጠር ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ጦርነት በ1848 ተነሣ፤ ሦስት ዓመት ያህል እየበረደ እየጋለ ቆየ። ፕሩሲያ በዴንማርክ ላይ ላመፁት የግዛቶቹ ጀርመኖች ጦር ላከች፤ ሩሲያና እንግሊዝ ፊታቸውን ሲያጠቁሩባት ግን ወደ ኋላ አለች። ብቻውን የቀረውን የሽሌስቪግና የሆልሽታይን ጦር ዴንማርኮች ሐምሌ 25 ቀን 1850 ኢስቴድ በተባለ ቦታ በከባድ ውጊያ አሸነፉት። ድሉን ለመዘከር በፍሌንስቡርግ መቃብር ላይ ግዙፍ የነሐስ አንበሳ አቆሙ። ከዚያ ድል ሁለት ስንቅ ይዘው ወጡ። አንደኛው፣ ቆራጥ እግረኛ ሳንጃውን ወድሮ ከሮጠ ጠላት አይቆምለትም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ ሲከፋ ታላላቆቹ መንግሥታት ይደርሱልናል የሚል ነው። በ1864 ሁለቱም ስንቆች ሻግተው ተገኙ።

ኅዳር 15 ቀን 1863 ንጉሥ ፍሬድሪክ ሰባተኛ ልጅ ሳይተካ ሞተ። አዲሱ ንጉሥ ክርስቲያን ዘጠነኛ በነገሠ በሦስተኛው ቀን ሽሌስቪግን ከዴንማርክ ጋር የሚያስተሳስር ሕገ መንግሥት ፈረመ፤ ወዶ ሳይሆን የኮፐንሃገን ሕዝብና ሚኒስትሮቹ አስጨንቀውት ነው። ይህ ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ ዴንማርክ የገባችውን ቃል ያፈርሳል። የፕሩሲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። በታኅሣሥ ወር የሳክሶኒና የሃኖቨር ወታደሮች በጀርመን ኮንፌዴሬሽን ስም ሆልሽታይን ገቡ። የካቲት 1 ቀን 1864 የፕሩሲያና የኦስትሪያ ጦር አይደርን ተሻግሮ ሽሌስቪግን ረገጠ። እንግሊዝ በቃል ብዙ ተናገረች፤ መርከብ ግን አልላከችም።

ወደ ግንቡ ከመድረሳችን በፊት ስለ ጠረጴዛው ጥቂት ልበል፤ ያለ ጠረጴዛው የፕሩሲያን ጦር ማወቅ አይቻልምና። ሬይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በ1824 አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ የጦር ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ካርታው አንድ ለ8,000 የተነሣ እውነተኛ የመልክዓ ምድር ካርታ ነው። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ የጦር ሜዳ ጊዜን ይወክላል። ሁለቱ ወገኖች በቀይና በሰማያዊ ቀለም ይለያሉ። በመካከላቸው ዳኛ ተቀምጦ ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ይቀበላል፤ የተኩሱን ውጤት ሉዶ ላይ እንደምናውቀው ዓይነት ዳይስ ጥሎ ያሰላል፤ አንዱ ወገን በእውነቱ ሊያየው የማይችለውን የጠላት ጦር ካርታው ላይ አያስቀምጥም። በእኛ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እኩል የሚሰለፉበት ‹ወረራ› የሚባል ክፍል እንዳለ ታውቃላችሁ። አባቶቻችን ጦርነት ተራ እንደማይጠብቅ ገብቷቸው ነበር። ሬይስቪትስ የጨመረው ጭጋጉን ነው፦ ባለጋራህ የት እንዳለ አታውቅም።

ይህን ጨዋታ በጣም ከወደዱት መኮንኖች አንዱ ሄልሙት ፎን ሞልትከ ነበር። የሚገርመው፣ ሰውየው ኮፐንሃገን በሚገኝ የካዴቶች ትምህርት ቤት ተምሮ መኮንንነትን የጀመረው በዴንማርክ ጦር ነው፤ በ1822 ወደ ፕሩሲያ ተሻገረ። በ1864 የፕሩሲያ ኤታማዦር ሹም ሆኖ ያደገበትን አገር ለመውጋት እቅድ አወጣ። የእቅዱ ፍሬ ነገር ዴንማርኮችን ከምሽጋቸው መግፋት ሳይሆን፣ ሸሽተው ደሴቶቻቸው ላይ ሳይጠለሉ ከኋላቸው መግባት ነው። እቅዱን የነደፈው ግን በርሊን ተቀምጦ ነው፤ በግንባር የሚያዝዘው የ79 ዓመቱ ፊልድ ማርሻል ቭራንገል ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቦታ እንሂድ። ዳኔቪርከ ማለት ‹የዴኖች ሥራ› ማለት ነው። ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየ፣ በአፈርና በድንጋይ በኋላም በጡብ የተሠራ፣ አገሪቱን ከደቡብ የሚዘጋ የግንብ መስመር ነው። በስተምሥራቁ ሽላይ የተባለው ረጅም የባሕር ሰርጥ፣ በስተምዕራቡ ረግረግ ይጠብቁታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ዴንማርኮች በጥንቱ አጥር ላይ አዳዲስ የመድፍ ምሽጎች ጨመሩበት። ለሕዝቡ ግን ዳኔቪርከ ምሽግ ብቻ አልነበረም። ሕፃን ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣ ስም፣ በመዝሙር የሚነሣ፣ ጀርመን አያልፈውም ተብሎ የሚታመን ነገር ነው።

አዛዡ ጄኔራል ደ ሜዛ 72 ዓመቱ ነበር። ብርድ የሚፈራ፣ የነፋስ ሽውታ እንዳያገኘው የሚጨነቅ፣ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ነው፤ መኮንኖቹ ብዙ ቀልድ ያወሩበታል። በመጀመሪያው ጦርነት ግን በጀግንነቱ የተመሰገነ፣ ኢስቴድ ላይ የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሲወድቅ ተክቶ የተዋጋ ነው። አሁን በእጁ 38,000 ያህል ሰው አለ፤ ከፊቱ የቆመው ከ50,000 በላይ ነው። መስመሩን በሚገባ ለመያዝ ያለው ሰው አይበቃም። ከሁሉ የከፋው የአየሩ ነገር ነው። ሽላይ በረዶ ሠራ፤ ረግረጉም ረጋ። የግንቡ ሁለት ክንፎች ውሃ ነበሩ፤ ውሃው መንገድ ሆነ ማለት ነው። ወታደሮቹ ቀን በረዶ ሲሰባብሩ ውለው ሌሊት መጠለያ በሌለበት ሜዳ ያድራሉ።

የካቲት 2 ቀን ፕሩሲያዎች በሚሱንደ በኩል ሽላይን ለመሻገር ሞክረው ተመለሱ። በማግስቱ ኦስትሪያዎች ከግንቡ ፊት ያሉትን ኮረብታዎች ያዙ። ደ ሜዛ በ4ኛው ቀን ማታ መኮንኖቹን ሰብስቦ መከረ፤ ከአንድ በቀር ሁሉም እንውጣ አሉ። በ5ኛው ቀን ሌሊት ጦሩ ከባድ መድፎቹን ትቶ በጸጥታ ወጣ። መንገዱ እንደ መስታወት የሚያዳልጥ ነበር፤ ፈረሶች ይወድቃሉ፣ በብርድ የቀሩ ወታደሮችም አሉ። በማግስቱ ፕሩሲያዎች ሽላይን በታችኛው በኩል ሲሻገሩ የሚከብቡት ጦር አጡ። ሞልትከ የፈለገው መክበብ በአንድ ሌሊት ከሸፈ።

የሚቀጥለውን ልብ በሉልኝ። ኮፐንሃገን ይህን ስትሰማ ተናወጠች። ሕዝቡ በየጎዳናው ወጣ፤ ክህደት ተፈጸመ ተባለ፤ ትውልዱ ከጀርመን መሳፍንት ቤት የሆነው ንጉሥ ራሱ ተጠረጠረ። ደ ሜዛ ከአዛዥነቱ ተነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሞተ። እኛ ይህን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ተጫውተነዋል። ዴንማርክን የያዘው ሰው ሁልጊዜ ይወጣል። እንዲያውም ብልጦቹ ጦሩን ከመጀመሪያውም እዚያ አያቆሙትም። ይህን ሲያደርጉ ማንም አይጮኽባቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም። ጨዋታችን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በረዶውን ቆጥረናል፤ የሰዉን ብዛት ቆጥረናል፤ የግንቡን ስም ግን አልቆጠርነውም። ለደ ሜዛ በጥር ወር ከጦር ሚኒስቴር የደረሰው መመሪያ፣ ግንቡን ያዝ፣ ነገር ግን የጦሩን ህልውና አደጋ ላይ አትጣል የሚል ነበር። ሁለቱ ቃሎች አብረው ሊፈጸሙ የሚችሉት በበጋ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቦታችን ዲቦል ነው። ከግንቡ የወጣው ጦር አብዛኛው ያረፈው እዚህ፣ ከአልስ ደሴት ፊት ለፊት ባለ ለስላሳ ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው ላይ የነፋስ ወፍጮ አለ። ዐሥር ምሽጎች ከባሕር እስከ ባሕር በቅስት ተደርድረዋል፤ ከኋላ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ ከዚያም ማዶ የሶንደርቦርግ ከተማ አለ። ካርታው ላይ ስታዩት ያምራል፤ ክንፎቹ ውሃ፣ ደጀኑ ደሴት፣ ባሕሩ ላይ ደግሞ ሮልፍ ክራከ የተባለች ብረት ለበስ መርከብ። ይህ ቦታ በመጀመሪያው ጦርነት ጠቅሟል።

ችግሩ መድፉ መለወጡ ነው። ፕሩሲያዎች ውስጡ በጠመዝማዛ የተቦረቦረ፣ ሩቅ የሚመታና ዒላማ የማይስት አዲስ መድፍ ይዘው መጥተዋል። ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ባለው የብሮአከር ልሳነ ምድር ላይ ተክለው የዴንማርክን ምሽጎች በጎናቸው ይመቷቸው ጀመር። የዴንማርክ መድፎች በወጉ ሊመልሱላቸው አልቻሉም። ቀን የፈረሰው ሌሊት ይጠገናል፤ በማግስቱ ይፈርሳል። ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ ሶንደርቦርግም በቦምብ ነደደች።

ተተኪው አዛዥ ጄኔራል ገርላክ ወደ አልስ ልሻገር ብሎ ጠየቀ። የማስተዋል ጥያቄ ነበር። ኮፐንሃገን ግን ያዝ አለችው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞንራድ ጳጳስ የነበረ ሰው ነው፤ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ኒውዚላንድ ተሰድዶ ገበሬ ሆነ። ነገር ግን እልኸኛ ብቻ አድርገን አንየው። በዚያው ወር ለንደን ላይ የሰላም ጉባኤ ሊከፈት ነው። ዴንማርክ ጉባኤው ፊት ሽሌስቪግ ውስጥ አንዲት ጥግ ይዛ መቅረብ አለባት። ቢስማርክም ያንኑ ጉባኤ አይቶ በተቃራኒው አሰበ፤ ሳይከፈት ድል ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዱ ወገን ወታደራዊ ጥቅም በሌለው ኮረብታ ላይ እንዲቆይ ታዘዘ፤ ሌላው ከበባው በራሱ ጊዜ ሊጨርሰው የሚችለውን ኮረብታ በጥድፊያ እንዲያጠቃ ታዘዘ። ሁለቱንም ያንቀሳቀሰው ለንደን ያለ ጠረጴዛ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን ከንጋቱ ጀምሮ ለስድስት ሰዓት ያህል መድፍ ዘነበ። ረፋዱ ላይ፣ በእነሱ ሰዓት ዐሥር ሲል፣ ድንገት ጸጥ አለ። ከምሽጎቹ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የፕሩሲያ እግረኞች ዘልለው ወጡ፤ ከኋላቸው የሙዚቃ ባንድ ይጫወታል። የፊተኞቹ ምሽጎች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደቁ። የዴንማርክ ስምንተኛ ብርጌድ በመልሶ ማጥቃት እስከ ወፍጮው ድረስ ገፍቶ ግማሽ ያህል ሰዉን አጣ፤ የቀረው ጦር ወደ አልስ የተሻገረው በእነዚህ ሰዎች መሥዋዕትነት ነው። በዚያ ቀን ዴንማርክ ከሞተ፣ ከቆሰለና ከተማረከ 4,700 ያህል ሰው አጣች፤ ፕሩሲያ 1,200 ያህል። ጉባኤው ከሳምንት በኋላ ተከፈተ። ሽሌስቪግን ለመከፋፈል ሐሳብ ቀርቦ፣ መስመሩ የት ይለፍ በሚለው ሳይስማሙ ተበተኑ።

በጉባኤው ወቅት የተደረገው የተኩስ አቁም እንዳበቃ ሰኔ 29 ቀን ሌሊት ፕሩሲያዎች በጀልባ ተሻግረው አልስን ያዙ። ባሕር ይጠብቀናል የሚለው ተስፋም በዚያች ሌሊት አለቀ። ይህን በዚህ አልፈዋለሁ፤ ሦስተኛው ቦታ ይጠብቀኛል።

ሉንድቢ በሰሜን ዩትላንድ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ሐምሌ 3 ቀን ጠዋት በሌተና ኮሎኔል ቤክ የሚመሩ 160 ያህል ዴንማርካውያን 120 ያህል ፕሩሲያዎችን መንደሯ ጥግ አገኟቸው። ፕሩሲያዎቹ ከአንድ የአፈር ካብ ኋላ ተኝተዋል። ቤክ ሰዎቹን አጠጋግቶ አሰለፈና በሳንጃ ቁልቁል ሰደዳቸው፤ በመጀመሪያው ጦርነት ያዋጣው ይህ ነበርና። የዴንማርክ ጠመንጃ በአፈሙዙ ይጎርሳል፤ ለማጉረስ መቆም ያስፈልጋል። የፕሩሲያው ‹የመርፌ ጠመንጃ› ግን ከኋላው ይጎርሳል፤ ወታደሩ እንደተኛ ያጎርሳል፣ እንደተኛ ይተኩሳል። የፕሩሲያው አዛዥ ሰዎቹን ታገሡ እያለ አቆያቸውና በቅርብ ርቀት አከታትሎ አስተኮሰ። ከሩብ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ከ30 በላይ ዴንማርካውያን ሞቱ፤ ከ40 በላይ ቆሰሉ። ከፕሩሲያ ወገን የቆሰሉት ሦስት ናቸው።

የጦር ጨዋታ ወዳጆች ሉንድቢን ይወዷታል፤ በአንድ ምሽት ታልቃለች፣ ደንቡም ቀላል ነው። እኔ የምወዳት ከሌላ ውጊያ ጋር ሳስተያያት ነው። ደ ሜዛ ከግንቡ በወጣ ማግስት ኦስትሪያዎች የኋላ ዘቡን ሳንከልማርክ ሐይቅ አጠገብ ደርሰውበት በሳንጃ አጠቁት። ብዙ ሰው ወደቀባቸው፤ ነገር ግን አሸነፉ፤ ሳንጃ ያሸንፋል ብለውም ወደ ቪየና ተመለሱ። ልብ አላሉትም እንጂ ከፊታቸው የነበረው በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ ከጎናቸው በጓድነት የቆመው ፕሩሲያዊ ደግሞ የመርፌውን ጠመንጃ ይዟል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ ጓዶች በምርኮው ክፍፍል ተጣልተው ኮኒግሬትስ ላይ ሲገጥሙ፣ የኦስትሪያ እግረኛ ያችኑ የሳንጃ ሩጫ በዚያ ጠመንጃ ፊት ሮጠ። ቀኑ ሐምሌ 3 ነበር፤ ሉንድቢ ሁለተኛ ዓመቷን የደፈነችበት ቀን። ጨዋታ ላይ ዳይሱን የጣልክበትን ምክንያት ታውቃለህ፤ ደንቡ ተጽፎልሃል። ጦር ሜዳ ላይ ግን ለምን እንዳሸነፍክ የሚነግርህ ዳኛ የለም።

ጥቅምት 30 ቀን 1864 ቪየና ላይ ሰላም ተፈረመ፤ የዴንማርክ ንጉሥ ሽሌስቪግን፣ ሆልሽታይንንና ትንሿን ላውየንቡርግን አጣ። የነሐሱን አንበሳ ጀርመኖች ነቅለው በርሊን ወሰዱት። ድንበሩ የተስተካከለው በ1920 በሕዝብ ድምፅ ነው፤ ከሽሌስቪግ የሰሜኑ ክፍል ሦስት አራተኛው ዴንማርክን፣ የመካከሉ ክፍል ከአምስት እጅ አራቱ ጀርመንን መረጠ፤ መስመሩም ከሞላ ጎደል እስከ ዛሬ ያው ነው። አንበሳው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮፐንሃገን ቆይቶ በ2011 ወደ ፍሌንስቡርግ መቃብር ተመለሰ፤ አሁን በጀርመን መሬት ላይ ቆሟል፤ የሚያነሣበትም የለም።

ወንበራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወጣቶቹ የየካቲት 1864ን ካርታ ዘርግተዋል። ዳኛ እኔ ነኝ። ዴንማርክን የሚይዝ ሰው እንፈልጋለን፤ ከወላጆች አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከመጀመሩ በፊት የታሸገ ደብዳቤ እሰጠዋለሁ፤ ውስጡ ሁለት ትእዛዝ አለ፣ ግንቡን ያዝ፣ ጦሩን አድን። ሌሎቻችሁ ከኋላው ትቆማላችሁ፤ ኮፐንሃገን እናንተ ናችሁ። ወደ ኋላ ባለ ቁጥር እንድትጮኹበት ተፈቅዶላችኋል። ሽላይ በረዶ የሚሠራው በሦስተኛው ዙር ነው።